ኮትቻ የዋጠችው ሽምብራ

የኩሽናችን ግድግዳ ዘንድሮም ተሰነጠቀ። ኅዳር ሲገባ ከመስኮቱ ጥግ ፀጉር የምታክል መስመር ትጀምራለች፤ ጥር ላይ የልጄ ትንሽ ጣት ይገባባታል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተመልሳ ትገጥማለች። ባለቤቴ በየዓመቱ ጀሶ ገዝቶ ይደፍናታል፤ በየዓመቱም ሕንጻውን የሠሩትን ሰዎች ይራገማል። "ሲሚንቶ ቆጥበው ነው" ይላል። ቆጥበውም ሊሆን ይችላል። ግን ይህቺን ስንጥቅ እኔ የማውቃት ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ፣ እዚህ ቦታ ላይ ግድግዳ የሚባል ነገር ሳይኖር ነው። ያኔ የምትከፈተው መሬት ላይ ነበር።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ቤቶች በተደረደሩበት ሰፈር ነበር። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራል። በፊት ለፊታችን የከባድ መኪና ጩኸት፣ ጭስና የፈረቃ ደወል ነው፤ በጓሮ ስንወጣ ግን ከተማው ድንገት ያልቅና እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ጥቁር እርሻ ይዘረጋል። ያንን ጥቁር መሬት ገበሬዎቹ ኮትቻ ይሉታል። ክረምት ላይ ከረገጣችሁት ጫማችሁን ይዞ ያስቀራል፤ በጋ ላይ ይደርቅና ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በእኛ ዘመን በዚያ አካባቢ ያደጋችሁ ሁሉ፣ በሆድ ተኝቶ ስንጥቁ ውስጥ ማየት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ፊታችንን ስናስጠጋ ከታች ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። እርጥብ አፈር፣ የከረመ ገለባና ስሙን እስካሁን ያላገኘሁለት ሌላ ነገር ይሸታል።

ብይ መጫወት ሲሰለቸን ብዩን ወደ ስንጥቁ እንጥልና ጆሯችንን መሬት ላይ ለጥፈን እናዳምጥ ነበር። ሲያርፍ ተሰምቶን አያውቅም። ነገሩ ያስፈራናል፤ ስለሚያስፈራን ደግሞ ደጋግመን እናደርገዋለን። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ቢኒያም አንዱን ኮንጎ ጫማውን እዚያው አስበልቶ መጣ። አባቴ ሽቦ አጥፎ መንጠቆ ሠርቶ ቢፈልግ ቢፈልግ ጫማው የለም። እማማ ቦንቱ በዚያ ሲያልፉ አይተውት ሳቁ። "ተወው ልጄ፣ በልታዋለች። ኮትቻ የበላችውን አትጥልም፤ ቆይታ፣ ገልብጣ፣ ታወጣዋለች" አሉት። አባቴም ስቆ ሽቦውን ወረወረ። የቢኒያም ጫማ አልወጣም። እኔም ያኔ የጣልኩትን ሰማያዊ ብይ እስከ ዛሬ እየጠበቅኩ ነው።

እማማ ቦንቱ ከጓሯችን የሚጀምረው ማሳ ባለቤት ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ እጃቸውን ከኋላ የሚያጣምሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተው ከአንድ ልጃቸው ከለሚ ጋር ይኖራሉ። የሚያርሰው ለሚ ነው፤ መሬቷ በዚያ ዓመት ምን እንደምትፈልግ የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው። አንድ ዓመት ጤፍ ይዘሩና በሚቀጥለው ሽምብራ ያደርጓታል። "ጤፍ አድክሟታል፤ አሁን በሽምብራ ትረፍ" ሲሉ ስለ አራስ ሴት የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ሽምብራቸው የገበያውን አትመስልም። ትንሽ፣ ጠቆር ያለች፣ ጫፏ እንደ ጫጩት ምንቃር የሾለ ናት፤ አበባዋም ነጭ ሳይሆን ሐምራዊ ነው። ዘሩ ከአማታቸው የመጣ ነው። ሌሎቹ ገበሬዎች አንድ በአንድ ወደ ትልልቁ ነጭ ሽምብራ ሲዞሩ እሳቸው ብቻ ይህችን ይዘው ቀሩ። ዘሯን በቅል ውስጥ ከአመድ ጋር ደባልቀው ከጣሪያው ማገር ላይ ያንጠለጥሏታል፤ ያቺን ቅል ከእሳቸው በቀር የሚነካ ሰው አልነበረም።

ሽምብራ ዝናብ አትለምንም። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ከማሳው ሲሸሽ ትዘራና፣ ኮትቻ ውስጥ የቀረውን እርጥበትና የጠዋቱን ጤዛ እየጠጣች ታድጋለች። ከብት እንዳይገባባት ዙሪያዋን ሱፍ ይዘሩላታል፤ ሱፍ እሾሃም ነው። እናቴ ወንዝ ዳር የሚበቅለውን ጎመን አትገዛም ነበር። ወንዙ አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን ቀይ ሆኖ ስለሚወርድ፣ ፋብሪካዎቹ የዕለቱን ጨርቅ ምን ቀለም እንደነከሩት አባቴን ሳንጠይቅ ከወንዙ እናውቃለን። የእማማ ቦንቱን ሽምብራ ግን እናቴ አምናው ታበላናለች። ጠዋት ማሳው ውስጥ ስንገባ ቅጠሉ ላይ ያለው ጠብታ የተጫረ እግራችንን ያቃጥለናል፤ ጣታችንን ስንልሰው ሎሚ ሎሚ ይላል። እሸቷን ፈልቅቀን ስንበላ ከንፈራችን ይኮመጥጥና እስከ ማታ እርስ በርስ "ምላስህን አሳየኝ" እየተባባልን እንሳሳቃለን።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እሸቱ ሲደርስ ማሳው ለሁላችንም ክፍት ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ እዚያው ቁጭ ብለህ የበላኸው ያንተ ነው፣ ይዘኸው የወጣኸው ግን ስርቆት ነው። እማማ ቦንቱ መንገዱ ከማሳው በሚወጣበት ቦታ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። ስንወጣ ተሰልፈን ሁለት መዳፋችንን እንዘረጋለን። ገልብጠው ያዩታል፤ ከዚያ "ጉንጭ!" ይላሉ። ቢኒያም አንዴ ጉንጩን ሞልቶ ሊያልፍ ሲል ይዘውት፣ እፊታቸው አላምጦ እስኪውጥ አስቆሙት፤ ሲጨርስ ራሱን ዳብሰው ለቀቁት። ቁጣ አልነበረባቸውም። "የበላችሁት ቅርፊቱም የረገፈውም ለእሷ ይቀርላታል፤ ይዛችሁት ከሄዳችሁ ምን ይቀርላታል?" ይሉን ነበር። እሷ የሚሏት መሬቷን ነው። እኛ ግን ልጆች ነንና የሆነች ሴት ከሥር ተኝታ የምታዳምጠን ይመስለን ነበር።

ወሬው የመጣው በሚሊኒየሙ ማግስት ነው። ማሳው የኮንዶሚኒየም ሳይት ሊሆን ነው ተባለ። ሰዎች መጥተው ለኩ፣ ችካል ተከሉ፣ ዘንድሮ እንዳትዘሩ ብለው ሄዱ። ለሚ የመልቀቂያውን ወረቀት ፈረመ። አብዛኞቹ ገበሬዎች እንደታዘዙት ማሳቸውን ባዶ ተዉት። እማማ ቦንቱም እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ችካሎቹን እየዞሩ ሲያዩ ብቻ ነው የከረሙት። ጥቅምት ላይ ግን አንድ ጠዋት ለሚ በሬዎቹን ጠምዶ በችካሎቹ መሐል ሲያርስ አየነው። እማማ ቦንቱ ቅሏን ታቅፈው ከኋላው ይከተላሉ።

አባቴ ለሚን ጠርቶ ሲጠይቀው አጠገቡ ነበርኩ። "ምን ላድርግ ጋሼ? ውሃው ሸሽቶላት፣ አፈሩ ለስልሶላት፣ ባዶዋን ላሳድራት ወይ ትለኛለች እናቴ" አለ። አባቴን ያስደነገጠው ግን መታረሱ አልነበረም። ገበሬ የሚዘራውን ዘርቶ ትንሽ ለክፉ ቀን ያስቀራል፤ እማማ ቦንቱ ግን ቅሏን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ አራግፈዋት ነበር። ዘር ከዚህ በላይ ቅል ውስጥ ከከረመ ይሞታል ባይ ናቸው። መንግሥት ደግሞ ቶሎ አይመጣም፣ ዛሬ ቢለካ የሚሠራው ለከርሞ ነው ብለው አመኑ። በዚህ አልተሳሳቱም ማለት አይቻልም፤ ተሳስተዋል። ሽምብራዋ የካቲት ላይ ደርቃ ከተሰበሰበች ዘሯ ይተርፋል፤ መሬት ላለው ሰው ይሰጧታል፣ እሷም ትቀጥላለች። ማሽኑ ከቀደመ ግን የዚያች ሽምብራ ዘር በአገሩ አይገኝም። ልጅ ብንሆንም ይህ ገብቶን ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሁላችንም መጀመሪያ ወደ ጓሮ ሄደን አበባዋን እናያለን።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ሰውዬ በመኪና መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑትም ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ነው ያናገራቸው። እማማ ቦንቱ ከድንጋዩ ላይ ተነሥተው፣ "እስክትደርቅ ብቻ ልጄ። ከዚያ እኔው ራሴ መንገዱን ለማሽኑ አሳየዋለሁ" አሉት። እሱም መሬት መሬት እያየ፣ "እማማ፣ እኔ የማዝዘው ነገር ቢሆን ኖሮ... ሰኞ ጠዋት ዶዘር ይገባል" አላቸው። ማሳው በዚያ ሰዓት ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። ሰውዬው ከሄደ በኋላ እማማ ቦንቱ ቁጭ አሉ። እናቴ ውሃ ይዛላቸው ሄደች፤ አልጠጡም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠሩን። "ኮታ ኢጆሌ! ኑ ልጆች፣ አዋቂውም ኑ፣ ዛሬ እሸት ነው!" ድምፃቸው የሠርግ ጠሪ ድምፅ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። አባቴና የፈረቃ ጓደኞቹ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ሱቁን ዘግቶ የመጣው ባለሱቅ፣ ሁሉም ትልም ይዞ ቁጭ አለ። እማማ ቦንቱ በመሐላችን እየዞሩ፣ "አረንጓዴውን ብሉ። ቢጫውን ግን አትብሉ፣ ቢጫውን ስንጥቅ ውስጥ ክተቱት" ይሉናል። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ቆመ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ ሲበላ፣ የሚሰማው ቅርፊት ሲፈነዳና የደረሰው ፍሬ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። እኔ እንደ ልማዴ አንድ ፍሬ ጥዬ ጆሮዬን ደቀንኩ። ከታች ምንም አልመጣም። ቀና ስል እማማ ቦንቱ ከላዬ ቆመው ያዩኛል። "አይዞሽ፣ ተቀብላሻለች" አሉኝ።

ለሚ ግን አልበላም። ማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ቢጫውን እየመረጠ ይነቅል ነበር። "ሀርሜ" አላቸው፤ እናቱን የሚጠራው እንዲህ ነው፤ "የደረሰውን ወስደን እናድርቀው፣ ለዘር ይሆናል።" እሳቸውም፣ "የት ልትዘራው?" አሉት። "የኪራይ ቤት ጣሪያ ላይ ነው?" ለሚ መንቀሉን ቀጠለ፤ እንባው ይወርዳል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማማ ቦንቱ ሄደው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ማንም ሳያዘን ተሰለፍን። በዚያ ቀን ልጆች ብቻ አልነበርንም፤ አባቴ መዳፉን ዘረጋ፣ ባለሱቁ ዘረጋ፣ እናቶች ነጠላቸውን አራገፉ። እናቴ ተራዋ ሲደርስ አላስቻላትም። "እማማ፣ ነገ ለሚገለበጥ መሬት ምን ያስጨንቅዎታል? ሰው ይዞ ቢሄድ አይሻልም?" አለቻቸው። መዳፏን ገልብጠው እያዩ፣ "ይዛችሁት የሄዳችሁት ያልቃል። እዚህ የቀረው የት ይሄድብኛል?" አሉ። በመጨረሻ ለሚ ከረጢቱን ተሸክሞ መጣና ከፊታቸው ቆመ። መዳፉን ሊዘረጋ አልቻለም። እናቱ ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩለት። እሱም አለፈ። በዚያ ቀን እጁን ሳያሳይ የወጣ እሱ ብቻ ነው።

ሰኞ ዶዘሩ ገባ። ማሳው በቆርቆሮ ታጠረ፤ ጥቁሩ ድንጋይ ከአጥሩ ውጪ ቀረ። እማማ ቦንቱ ከለሚ ጋር ቃሊቲ የኪራይ ክፍል ገቡ፤ ሆኖም ጠዋት ጠዋት በእግራቸው እየመጡ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ። ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ያስቆሙናል። ቆርቆሮው ላይ ሚስማር የተነቀለበት ቀዳዳ ነበር፤ የእሳቸው ዓይን ደክሟል። "እስቲ እዩልኝ፣ በቅሏል?" ይላሉ። በየተራ ዓይናችንን እናስጠጋለን። ብረት፣ ጉድጓድ፣ የአሸዋ ክምር። "አልበቀለም እማማ" እንላቸዋለን። "ገና ነዋ፣ ዝናብ ሳይመጣ" ይላሉ፤ ለኛ ሳይሆን ለአጥሩ። አንዳንድ ልጆች ቀወሱ እያሉ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመሩ። እኔ እፈራለሁ፣ ግን በዚያው ነበር የምሄደው።

ክረምቱ መሐል ላይ፣ ስንጥቆቹ ሁሉ ሲገጥሙ፣ እማማ ቦንቱ ሞቱ። አባቴና እናቴ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ጫማቸው በኮትቻ ጭቃ ከብዶ ነበር። ትምህርት ተከፈተ፤ እኔም በድንጋዩ አጠገብ ስደርስ ሳላየው ሮጬ ማለፍ ያዝኩ። ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ግን እግሬ ቆመ። ለምን እንደቆመ አላውቅም። "እዩልኝ" ያሉኝ መሰለኝ። ዓይኔን ቀዳዳው ላይ አደረግኩ። በአሸዋው ክምርና በጉድጓዱ መካከል፣ ሰው ባልደረሰባት ቁራጭ መሬት ላይ፣ አረንጓዴ ነገር አለ። የሽምብራ ቅጠል እኔ አልስትም። ትልም የለው፣ መስመር የለው፣ ዝም ብሎ እዚህም እዚያም ወጥቷል። ዞር ስል ድንጋዩ ባዶ ነው። "በቅሏል፣ እማማ" አልኩ ጮክ ብዬ። በሳምንቱ ሳይ ቦታው ኮንክሪት ተደፍቶበታል።

አጥሩ ሲነሣ ሕንጻዎች ነበሩ። ከዓመታት በኋላ እናቴ ዕጣ ሲወጣላት ከስንቱ ሳይት መሐል የደረሳት ይሄው ነው፤ እሷም ለእኔ ለቀቀችልኝ። ጎረቤቶቼ ከከተማው መሐል የመጡ ናቸው፤ ጠዋት ታክሲ ተሰልፈው ይሄዳሉ፣ ማታ ደክሟቸው ይገባሉ። ከሥራቸው ምን እንዳለ አያውቁም፤ ደግሞስ ማን ይነግራቸዋል? ሽምብራ ስፈልግ ከታች ካለው ሱቅ በፕላስቲክ ታሽጎ እገዛለሁ። አንዴ ባለሱቁን ከየት የመጣ ነው ብዬ ብጠይቀው "ከመርካቶ ነዋ" አለኝ፤ መርካቶ ላይ የሚበቅል ይመስል። እኛ የምንበላው ከማን ማሳ፣ ከየትኛው ትልም እንደመጣ እናውቅ ነበር። ሆዳችን ብዙ ጊዜ አይሞላም ነበር፤ እሱን መዋሸት አልፈልግም። ግን ከሚያበላን መሬት ጋር እንተዋወቅ ነበር።

ለሚ አሁን የብሎካችን ጥበቃ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። ያንን ጥቁር ድንጋይ ከየትም ፈልጎ አምጥቶ ከሕንጻው ጥግ አስቀምጦታል፤ ቀን ቀን የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ስለ ከረጢቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኩት። "ነቀዝ" አለኝ። የሚዘራበት ሲፈልግ ቆይቶ ሲከፍተው ዱቄት ሆኖ ጠበቀው። ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ ተሻገርን።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ስወርድ ለሚ በጣቱ አሳየኝ። ከእኛ ኩሽና ግድግዳ ሥር፣ የእግረኛው ሲሚንቶ በተሰነጠቀበት በኩል ሦስት የሽምብራ እግሮች ወጥተዋል። ዙሪያቸውን ለሚ ሰው እንዳይረግጣቸው ድንጋይ ደርድሮላቸዋል። ፍሬ ይዘዋል፤ አንዷ ቅርንጫፍ ላይ የዘገየች አበባ ነበረች፣ ሐምራዊ። እዚያው ቁጢጥ አልኩ። "በየዓመቱ ይወጣል" አለ ለሚ። "አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ። ቢጫ ሲሆን ተመልሶ ስንጥቁ ውስጥ እከተዋለሁ።"

አንዲት አረንጓዴ ፈልቅቄ ለልጄ ሰጠኋት። አላመጠች፣ ፊቷን አኮማተረች፣ ጣቷን ላሰች፣ ሳቀች። ሌላ ጠየቀች፤ ሰጠኋት። ከዚያ እንሂድ ብዬ እጇን ስይዝ አመለጠችኝና ወደ ጥግ ሄደች። ለሚ ቆሞ ስለነበር ድንጋዩ ባዶ ነው። ልጄ ባዶው ድንጋይ ፊት ቆመች፤ ሁለት መዳፎቿን ዘረጋች፣ ገለበጠቻቸው፣ ደግሞ አፏን በሰፊው ከፈተች። እኔ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚን አየሁት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ፣ አልነገርኳትም ማለቱ ነው። ኮፍያውን አወለቀ።

ልጄ ጥቂት ቆየችና፣ ሰው እንዳሰናበታት ሁሉ እጇን አውርዳ አለፈች። ለሚም ሄዶ ድንጋዩ ፊት ቆመ፤ ያን ቀን ያላሳየውን መዳፉን ዘረጋ። እኔም ከኋላው ተሰለፍኩ።